አበቡን ወደ እሳቱ የላክሁበት ጠዋት

ስለዚያ ምድጃ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ከአሠራሩ እጀምርና እዚያው እቀራለሁ። ሴት ልጅ ሲሊንደር አስቆርጣ፣ ከመኪና የተጣለ ዘይት እያነደደች ቤት አሞቀች ሲባል ሰው ይገረማል፤ እኔም ግርምቱን ተቀብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ወሬ የምቀይርበትን ቦታ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ ታገሡኝ።

ስሜ ዘሀራ ነው። የምኖረው አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከተማ ሽቅብ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት ሞተር ሲፈታና ሲገጠም እያየሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ስልክ ከገዛሁ በኋላ ደግሞ ቪዲዮ አስተማሪዬ ሆነ።

ስድስት ሴቶች ሆነን አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ የሱፍ ምንጣፍ እንሠራለን። ሱፉን እናጥባለን፣ እንፈትላለን፣ እንሸምናለን። ደጋውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያለብሰዋል። ሱፍ ያጠበ እጅ ደንዝዞ ክር መቋጠር ያቅተዋል። እስከ ረፋድ ድረስ ብብታችን ውስጥ እጃችንን ከትተን መቀመጥ ነበር ሥራችን። እንጨት እንዳናነድ እንጨቱ የለም። ያኔ ነው ምድጃውን የሠራሁት።

ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ውጫሌ ብየዳ ቤት ወስጄ፣ የቀረ ጋዝ እንዳይፈነዳ ውኃ ሞልቼ አሳድሬ፣ አስቆረጥኩ። ከሥሩ የአሮጌ ጭነት መኪና ፍሬን ታምቡር አስቀመጥኩ፤ ዘይቱ የሚነድበት ድስት እሱ ነው። በላዩ አየር እንዲገባ ዙሪያውን የተበሳሳ ወፍራም ቧንቧ ቆመ፤ ጭሱ በቆርቆሮ ቱቦ በጣሪያ ይወጣል። ከግድግዳው ውጭ በድንጋይ መደብ ላይ በርሜል አለ። ከጋራዦች የለቀምነው የተቃጠለ ዘይት እዚያ ይጠራቀማል። ከበርሜሉ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ግድግዳውን አልፎ ይገባና ከምድጃው አጠገብ ባለች በእጅ የምትዞር መዝጊያ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ታምቡሩ ላይ ይወርዳል። አንዴ ከጋለ ጭስ የለውም፤ እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል ብቻ። ሴቶቹ ከዚያ ቀን ጀምረው «ኢንጂነሯ» አሉኝ። ስሙን ወደድኩት። ከሚገባኝ በላይ ወደድኩት።

የዚህ ምድጃ ነገሩ ያለው ጥገናው ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሲወጡ እኔ እቀራለሁ። ታምቡሩ ውስጥ የደረቀውን ቅርፊት በመሮ እፈነቅላለሁ፣ ቀዳዳዎቹን በሚስማር እከፍታለሁ፣ ከጭስ ማውጫው ጥቀርሻ አራግፋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከበርሜሉ ሥር የተኛውን አፈሳለሁ። ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ ውኃ ካለ ከበርሜሉ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ወደ ምድጃው የሚሄደውን ቧንቧ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ አድርጌ ያስበየድኩት ለዚህ ነው። ከሥር ያለችውን ትንሽ መውረጃ ከፍቼ ጥቁር ዘይት ብቻ እስኪመጣ አፈሳለሁ። ጠብታ ውኃ የጋለ ታምቡር ላይ ቢወድቅ ጫጭ ብሎ ይጠፋል። ብዙ ውኃ ከሆነ ግን በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይዞት ይነሳል። ይህን አውቅ ነበር። ለሌሎቹ ግን አልነገርኳቸውም፤ ማን ይጠይቀኛል?

በዚያ ሳምንት የደሴ ደንበኛ አራት ምንጣፍ አዝዞ ማክሰኞ ውጫሌ ድረስ መኪና ይልካል ተባልን። ቅዳሜ ከሰዓት ሳልጠግን ስሸምን ዋልኩ። «ለአንድ ሳምንት ምን ይሆናል?» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ውርጩ ከጫማ በታች ይሰባበር ነበር። በርሜሉን በጡጫ መታ ባደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ከግድግዳው ሥር ሦስት ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸውም ውጫቸውም እንደ ከሰል የጠቆሩ። ልማዴ በጨርቅ እያጣራሁ፣ የሚወርደውን ዐይን ዐይኑን እያየሁ፣ እስከ መጨረሻው መቅዳት ነው። የመጀመሪያውን እንደዚያ ቀዳሁ። ሁለተኛውን ሳዘነብለው ጥቁር ዘይት ወረደ። ያው ነው ብዬ ጀሪካኑን በማጥለያው ላይ ደፋሁት፤ በድንጋይ አስደግፌ ትቼው ገባሁ። ሲንጎላጎል እሰማው ነበር። ውኃ ከዘይት ፈጥኖ እንደሚንጎላጎል የማውቅ ሴት ነኝ። ጆሮዬ ሰማ፣ እኔ አልሰማሁም።

ላምባ የነከርኩትን ጨርቅ ለኩሼ ታምቡሩ ውስጥ ጣልኩ። እሳቱ ያዘ። ሴቶቹ እየተንዘፈዘፉ ገቡ። አበቡ መጨረሻ መጣች። አበቡን ላስተዋውቃችሁ፤ ከሁላችንም ፈጣን እጅ ያላት፣ ክር ስትቋጥር ጣቷ የማይታይ፣ አፏም እንደ ጣቷ የማያርፍ። የሞገስ ሚስት ናት፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት። እኔ እስላም እሷ ክርስቲያን፤ በኛ አገር ይህ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ከልጅነት አንለያይም።

«ኢንጂነሯ፣ ምነው ዛሬ እሳትሽ አዛጋ?» አለችኝ የታጠበ ሱፍ ሽቦ ላይ እየሰቀለች።

«እንዳንቺ ባል ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እሷም ከሁሉ በላይ ሳቀች።

እኔ ሸማ መሥሪያው ላይ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ ተቀምጫለሁ። ታምቡሩ ቀላ። ቤቱ መሞቅ ጀመረ፤ አንዷ ነጠላዋን አወረደች። ከዚያ ጫጭ የሚል ድምፅ መጣ። ቀና አልኩ። ጫጭ። ዝም። ከዚያ ሁለቴ በተከታታይ። ገባኝ። እግሬ ከጉድጓዱ አልወጣ አለኝ፤ ምድጃው አጠገብ ያለችው አበቡ ናት።

«አበቡ! ዝጊው! መዝጊያውን ዝጊው!»

አልጠየቀችኝም። «ምን ሆኗል» አላለችም። ሱፉን ጥላ ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ እጇን መዝጊያው ላይ አሳረፈች።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። አንድ ግዙፍ እንስሳ እፎይ ሲል ዓይነት ነው። እሳቱ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ወጣ፤ ከዚያ ተመልሶ በእሷ ላይ ወረደ።

እናንተዬ፣ «ዝጊው» እና «ሽሺ» እኩል ትንፋሽ ነው የሚጨርሱት። አንዱን መርጬ አወጣሁ። ምርጫ መሆኑ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ቅልጥሜ እየተላጠ ከጉድጓዱ ወጣሁ። ሰአዳ፣ ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው፣ ከገበቴው የራሰውን ሱፍ በክንዷ ሙሉ አቅፋ አበቡ ላይ ጣለችው። እኛም ጨመርንበት። እርጥብ ሱፍ አይነድም፤ አፈነው። አንዷ ባልዲ አንስታ ወደ ምድጃው ስትሮጥ፣ «ውኃ አይደለም! አፈር! አፈር በይ!» ብዬ ጮኽኩ። ወጥቼ የመዳቡን ቧንቧ ከበርሜሉ ሥር በድንጋይ ቀጠቀጥኩት፤ ተጣመመና ተደፈነ። ስመለስ እሳቱ ሞቷል። አበቡ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ታያቸዋለች። አታለቅስም። እጆቿን፣ አንገቷንና ደረቷን አልገልጽላችሁም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት አሮጊት ቅቤ ይዘው መጡ።

«ቅቤ አይነካትም! ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ!» አልኩ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አሁን ያቃጠልሻት አንቺ አይደለሽ?»

ቅቤውን ግን በእጄ ከለከልኩ። ያን ቀን በትክክል ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነው።

መኪና ወደኛ አይወጣም፣ ባጃጅም አይሞክረውም። ወንዶቹ ቃሬዛ አሠሩ፤ ስምንት ሆነው በየአራት እየተቀያየሩ ተሸከሟት። እኔና ሰአዳ ውኃ ይዘን ግራና ቀኝ እየሮጥን በቀስታ እናፈስላታለን። ውርጩ ገና አልለቀቀም። ካፈሰስን በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ከተውን ቃጠሎው ያስጮኻታል። ጋቢ ደረብንላት፤ እጆቿን ብቻ ከጋቢው አውጥተን አራስናቸው። የትኛው እንደሚገድላት አላውቅም ነበር። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ወንዶቹ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ እርምጃቸውን ይቀንሳሉ፤ እኔ ደግሞ «ፍጠኑ በአላህ!» እላለሁ። አንዱ፣ «እህቴ፣ ከፈጠንን አብረን ነው የምንወድቀው» አለኝ በእርጋታ።

መንገዱ ግማሽ ላይ አበቡ ጠራችኝ። ድምፁ የሷ አይመስልም።

«ዘሀራ።»

«አለሁ። አብሽሪ፣ እዚህ ነኝ።»

«ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ?»

«ምኑ?»

«መዝጊያው። ወደ ግራ መሰለኝ ያዞርኩት። ዝጊው ስትዪኝ ከፈትኩት መሰለኝ።» ከንፈሯ ደርቋል። «ሴቶቹን ልፈጃቸው ነበር እኮ። እመብርሃን አወጣቻቸው።»

ይኸውላችሁ፣ ሁልጊዜ ወሬ የምቀይርበት ቦታ ይህ ነው። የዚያች ሴት እጅ፣ ምን እንደሆነ ሳልነግራት በላክኋት ቦታ ተቃጥሎ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ስትለኝ፣ ልቤ ቀለል አለኝ። አንድ ሰው ከጀርባዬ ሸክም ያነሳልኝ ያህል። «ምናልባት እውነቷን ይሆናል፣ ምናልባት አዙራው ይሆናል» ብዬ አሰብኩ። ለሷ ግን፣ «አሁን አትናገሪ፣ አትድከሚ» ብቻ አልኳት።

የመጨረሻው ቁልቁለት መጀመሪያ ላይ ከኋላችን ሰው እየጮኸ መጣ። እትዬ ፋጡማ ናቸው፣ ከመጋዘኑ በታች የሚኖሩ ጎረቤታችን። በዚያ ዕድሜያቸው ጀሪካን አዝለው እየሮጡ።

«ውኃ ይዣለሁ! አላህ ያሽራት፣ ውኃ ይዣለሁ!» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። እየተራመድን ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ቀርበው፣ «ልጄ፣ ያን ውኃ ተጠቀማችሁበት? የትናንቱን?» አሉኝ።

«የቱን ውኃ?»

«እሑድ ጀሪካንሽን መለስኩ እኮ። ለምሰሶዬ፣ ለምስጡ ብለሽ ዘይት የሰጠሽኝን ጀሪካን። ቤቱ ዝግ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋቱን ሙሉ በአመድ ፈተግኩት፤ ጥቁሩ እምቢ አለ። ባዶውን እንዴት ብዬ ልመልስ? ከምንጭ ሞልቼ አመጣሁት፣ ሱፉን ይጠቡበት ብዬ።»

በኛ አገር የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን አይመልሱም። ትንሽ ቆሎም ቢሆን፣ ጨውም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። ምንጩ ሩቅ ነው፤ በዚያ ወር ከምንጭ የተቀዳ ሃያ ሊትር ውኃ በጀርባ ተሸክሞ ሰው ደጅ ማድረስ ትልቅ ስጦታ ነው። ጥቁሩ ጀሪካን፣ ከላዩ የተንሳፈፈው ጥቂት ዘይት፣ ያ የፈጠነ መንጎላጎል ሁሉም በአንዴ ተገጣጠመልኝ።

አሁንም እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ «እሳቸው ናቸው» የሚል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ልቤ ቀለል አለኝ። ከዚያ እትዬ ፋጡማ ፊቴን አይተው፣ «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ቃሬዛ ላይ አንዷ ከጎኔ፣ የኔን ጥፋት ለመሸከም ጀርባቸውን አዘጋጅተውልኛል። ውኃውን ማንም ያምጣው፣ ሳያይ የደፋው እጄ ነው። ቅዳሜ ከሥሩ አፍስሼው ቢሆን ከቧንቧው በታች ያለው አራት ጣት ከውኃ ባዶ ሆኖ አዲሱን ይይዘው ነበር። ውኃ ምን እንደሚያደርግ ነግሬያቸው ቢሆን እትዬ ፋጡማም አበቡም ያውቁ ነበር። ብቻዬን ማወቅ ስለጣፈጠኝ ነው ሰው የተቃጠለው።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ወደ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመልን። ተሳፋሪው ሳይጠየቅ ወረደ። ውጫሌ ጤና ጣቢያ ስንገባ አበቡ መናገር አቁማ ነበር፤ ዐይኗ ብቻ ነበር የሚከተለኝ። ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ ቁስሏን ሸፈኑ፣ ወደ ደሴ መሄድ አለባት አሉ። «ትተርፋለች?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ «ቶሎ ውኃ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው» አለኝና ሌላውን ሳይመልስልኝ ሄደ።

ሞገስ ከአውድማ ነው የመጣው፤ ገለባ ከጸጉሩ አልተራገፈም። በሩ ላይ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደኛ ዞረ።

«ማን ነው?» አለ። «ምንድን ነው» አላለም።

እትዬ ፋጡማ ከግድግዳው ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። በመንገድ ነገሩ ገብቷቸዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ «እኔ ነኝ» ሊሉ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ ቀድሜያቸው። «ሞገስ፣ ዘይቱ ውስጥ ውኃ ነበረበት። ሳላይ ደፋሁት። ቅዳሜም በርሜሉን ከሥሩ ማፍሰስ ነበረብኝ፣ አላፈሰስኩም። ሊፈነዳ ሲል ደግሞ ሽሺ ማለት ሲገባኝ ሄደሽ ዝጊው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም፤ እሳቸውም ያጠፉት የለም።»

እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። አልመታኝም፣ አልተሳደበም። አምቡላንሱ ሲመጣ እግሬን መወጣጫው ላይ ሳደርግ በእጁ መለሰኝ።

«አንቺ አትውጪ።»

መኪናው በሐይቅ መንገድ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ያን ቀን ከሰዓት ሽቅብ ወደ ቤት የመለሱኝ እትዬ ፋጡማ ናቸው፣ እጄን ይዘው።

አበቡ አልሞተችም፤ አልሐምዱሊላህ። ግን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አላወቅንም ነበር። ሞገስ ስልኬን አያነሳም፤ ወሬዋን የምሰማው ከሰው ከሰው ነው። ዛሬ ባሰባት ይሉኛል፤ ነገ ደግሞ እህል ቀመሰች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደሴ ሄድኩ። ሞገስ ልብስ ሊቀይር ወደ አገር ቤት ሄዶ ነበር። እጆቿ እስከ ክንዷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጀሪካኑን፣ ቅዳሜውን፣ «ዝጊው» ያልኩትን። መዝጊያውን ወደ ትክክለኛው እንዳዞረችውም ነገርኳት፤ ተመልሼ አይቼው ነበር፣ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። በመንገድ ላይ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩበትንም፣ ልቤ የቀለለኝንም አልደበቅኋትም።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «የኔ ጥፋት ሲመስለኝ ችዬው ነበር። አሁን ነው የሚያመኝ።»

«ሂጂልኝ» አለችኝ፤ ሄድኩ።

አንባቢዎቼ፣ እውነት መናገር ያቀላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔን አላቀለለኝም፤ እሷንም አሳመማት። ግን እስኪ አስቡት፤ እዚያ አልጋ ላይ ተኝታ ጣቶቿን በገዛ እጇ እንዳቃጠለች እያመነች ዕድሜዋን ብትጨርስ፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ «አይዞሽ» እያልኩ ብኖር። እሱ ከእሳቱ የሚብስ ሆኖ ታየኝ። ተሳስቼ ይሆናል። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ምድጃውን ልሰባብረው ነበር፤ ሴቶቹ ከለከሉኝ፤ «ብርዱ ደግሞ ይገድለናል» አሉ። እንደገና ሠራሁት። አሁን ምድጃው ራሱ ከቤት ውጭ ነው፤ ሙቀቱ ብቻ በወፍራም ቱቦ ይገባል። መዝጊያውም ውጭ ነው። ስድስታችንም እንፈታዋለን፣ ስድስታችንም እንገጥመዋለን፤ እትዬ ፋጡማ እንኳ ውኃና ዘይት በጠርሙስ አድርገው ለጎረቤት ያስረዳሉ። «ኢንጂነሯ» የሚለኝ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ የለም። እኔም አልናፈቀኝም።

አበቡ ተመልሳ የመጣችው ሐምሌ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን ቃኘች፤ ለሁሉም ሰላም አለች፣ ለኔም እንደ ሁሉም። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው አይዘረጉም። የድሮ ፍጥነቷ የለም፤ ቋጠሮዋ ግን ያው ጥብቅ ነው። አንዳንድ ቀን ትቀልዳለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ እስክትወጣ አታየኝም፤ ያን ቀን እኔም አላስቸግራትም።

አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ «አቀብዪኝ» ስላት ታቀብለኝ፣ «ያዢ» ስላት ትይዝ ነበር። አሁን ምንም ብላት፣ ክር ቁረጪ ብላት እንኳ፣ እጇን ታቆምና ቀና ብላ ታየኛለች።

«ለምን?» ትለኛለች።

እኔም ሥራዬን አቁሜ፣ እስኪገባት ድረስ እነግራታለሁ።